ተቋርጦ ስለ ቀረ ጨዋታና ስለ ቀና አከፋፈል

ነገ የሚኾነውን ማንም ሰው አስቀድሞ አያውቅም። ገበሬ ዘሩን ሲበትን ዝናሙ በጊዜው እንዲመጣ ተስፋ ያደርጋል እንጂ አያውቅም፤ ነጋዴም ጭነቱን አስሮ ሲነሣ ገበያው እንዲቀናው ይመኛል እንጂ አያውቅም። ነገር ግን ሰው የሚኾነውን ባያውቅም፥ ሊኾን የሚችለው ስንት ዐይነት እንደ ኾነ ለመቍጠር የሚችልበት ጊዜ አለ። ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ሲባባሉ፥ በየትኛው ፊት እንደሚወድቅ ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም፤ ከኹለቱ አንዱ እንደሚኾን፥ ሦስተኛም እንደሌለ ግን ኹሉም ያውቃሉ።

ይህን የሚቈጥረው የሒሳብ ክፍል ፕሮባቢሊቲ ይባላል፤ ተማሪዎች በኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰፊው ይማሩታል። ከሌላው ሒሳብ ይልቅ ይህን የሚፈሩት ብዙዎች ናቸው። የሚያስፈራው ግን ማባዛቱና ማካፈሉ አይደለም፤ ያንንማ በታችኛው ክፍል ተምረውታል። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ልብ ቸኩሎ መልሱን ይናገራል፤ የተናገረውም መልስ ሐሰት ሳለ እውነት ይመስላል። በዚህ መንገድ የተሰናከሉት ሕፃናት ብቻ አይደሉም፤ በዓለም ስማቸው የተጠራ ሊቃውንትም ተሰናክለውበታል።

የዚህ ትምህርት ታሪክ የሚዠምረው ከገንዘብ ክርክር ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ኹሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1494 ዓመት ሉካ ፓቾሊ የሚባል የኢጣልያ መነኵሴ በቬኒስ ከተማ ባሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገኛል። ኹለት ሰዎች እኩል እኩል ገንዘብ አስይዘው ይጫወታሉ፤ የተወሰነውን ያህል ጊዜ አስቀድሞ የረታ ገንዘቡን ኹሉ ይወስዳል። ነገር ግን ጨዋታው ሳያልቅ አንድ ምክንያት ያቋርጠዋል። በመካከል የተቀመጠው ገንዘብ ለኹለቱ እንዴት ይከፈል? ቁማር ቤት የሚያፈርስ ክፉ ልማድ መኾኑን ሕፃንም ያውቀዋል፤ ታሪኩ የሚነገረው ጨዋታውን ለማመስገን አይደለም። ኾኖም ጥያቄው የፍርድ ጥያቄ ነው፤ ከኹለቱ ሰዎች አንዱ እንዳይበደል ምን ይደረግ ይላልና።

ፓቾሊ ሲመልስ፥ እያንዳንዱ እስከዚያ ድረስ በረታው ቍጥር ልክ ይካፈሉ አለ። አንዱ ኹለት ጊዜ፥ ሌላው አንድ ጊዜ ረትቶ እንደ ኾነ፥ ገንዘቡ በሦስት ተከፍሎ ለፊተኛው ኹለት እጅ፥ ለኋለኛው አንድ እጅ ይደርሰዋል። ይህ ፍርድ ለሰሚው ደስ ያሰኛል፤ ቀጥተኛም ይመስላል። በ1556 ዓመት ግን ኒኮሎ ታርታሊያ የሚባል ሌላ የኢጣልያ ሊቅ ጕድለቱን ገለጠ። ጨዋታው ገና አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ቢቋረጥ፥ በዚህ ፍርድ አንድ ጊዜ የረታው ሰው ገንዘቡን ኹሉ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ሌላው ምንም ሳያገኝ ባዶ እጁን ይሄዳል። ገና ብዙ ጨዋታ ቀርቶት ሳለ፥ ስለ አንድ መረታት ገንዘቡን ኹሉ ማጣት ግፍ ነው። ታርታሊያ የራሱን አከፋፈል ቢያቀርብም፥ ነገሩ ከሒሳብ ዐዋቂ ይልቅ ለዳኛ የሚገባ ነው ብሎ ዐሰበ።

ከዚያም አንድ መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በ1654 ዓመት በፓሪስ ከተማ ብሌዝ ፓስካል የሚባል የ31 ዓመት ሊቅ ነበረ። ሼቫሊዬ ደ ሜሬ በሚል ስም የታወቀ፥ የቁማርን ነገር የሚያውቅ አንድ መኰንን ይህን የቈየ ጥያቄ አቀረበለት። ፓስካልም ብቻውን ሊፈርድ አልወደደም፤ በደቡብ ፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ ለሚኖረው ለፒየር ደ ፌርማ ደብዳቤ ጻፈለት። ፌርማ በቱሉዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያገለግል ዳኛ ነበረ፤ ሒሳብን ይሠራ የነበረው ከሥራው በተረፈው ሰዓት ነው። እንዲህ ኾኖ፥ ታርታሊያ ለዳኛ ይገባል ያለው ነገር በመጨረሻ ከአንድ ዳኛ እጅ ደረሰ፤ ዳኛውም በአስተያየት አልፈረደም፤ ቈጠረ እንጂ።

ፓስካል ሐምሌ 29 ቀን 1654 በጻፈው ደብዳቤ ያቀረበው ምሳሌ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው 32 ወርቅ አስይዟል፤ ድምሩ 64 ወርቅ ነው። ሦስት ጊዜ አስቀድሞ የረታ ኹሉን ይወስዳል። አሁን አንደኛው ኹለት ጊዜ፥ ኹለተኛው አንድ ጊዜ ረትተዋል። ፓስካል እንዲህ ሲል ዐሰበ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጨምሩና አንደኛው ቢረታ፥ 64ቱን ወርቅ ይወስዳል። ቢረታም፥ ማለት ቢሸነፍ፥ ኹለቱ እኩል ይኾኑና 32፥ 32 ወርቅ ይካፈላሉ። ስለዚህ አንደኛው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም 32ቱ ወርቅ ከእጁ አይወጣም፤ ይህ ያለ ክርክር የርሱ ነው። የሚያከራክረው የቀረው 32 ወርቅ ብቻ ነው፤ እርሱንም የማግኘት ዕድላቸው እኩል ስለ ኾነ እኩሌታውን፥ ማለት 16፥ 16 ይካፈሉት። ለአንደኛው 48፥ ለኹለተኛው 16 ወርቅ ይደርሰዋል።

በፌርማ መንገድ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ይቈጠራል። ጨዋታው ቢረዝም ከኹለት ጊዜ አያልፍም። በእነዚህ ኹለት ጊዜያት ሊኾን የሚችለው አራት ዐይነት ነው፤ ኹለቱንም አንደኛው ያሸንፋል፤ ወይም መጀመሪያውን አንደኛው፥ ኋለኛውን ኹለተኛው፤ ወይም መጀመሪያውን ኹለተኛው፥ ኋለኛውን አንደኛው፤ ወይም ኹለቱንም ኹለተኛው። ከአራቱ በሦስቱ ገንዘቡ ለአንደኛው ይኾናል፤ በአንዱ ብቻ ለኹለተኛው። ከ64 ሦስት ሩቡ 48 ነው፤ አንድ ሩቡ 16። በተለያየ መንገድ ሄደው ከአንድ ቦታ ተገናኙ፤ ፓስካልም በፓሪስና በቱሉዝ ያለው እውነት አንድ መኾኑን አይቶ ተደሰተ። በፓቾሊ ፍርድ ቢከፍሉት ኖሮ ለአንደኛው የሚደርሰው 42 ወርቅ ከኹለት ሲሶ ብቻ ነበረ። ሳይሰርቁት፥ ሳይዋሹት፥ 5 ወርቅ ከሲሶ በሒሳብ ስሕተት ብቻ ከኪሱ ይወጣ ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ሮበርቫል የሚባል በፓሪስ የሚያስተምር የሒሳብ ሊቅ ይህን አቈጣጠር ተቃወመ። ጨዋታው ቀድሞ ሊያልቅ ሲችል ያልተጫወቱትን ጨዋታ መቍጠር ስለ ምን ያስፈልጋል ሲል ጠየቀ። ተቃውሞው በላይኛው ምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። አንደኛው የሚቀጥለውን ጨዋታ ካሸነፈ ነገሩ ያበቃል፤ ኹለተኛ ጊዜ አይጫወቱም። ስለዚህ መንገዱ አራት ሳይኾን ሦስት ነው፤ አንደኛው ወዲያው ያሸንፋል፤ ወይም ተሸንፎ በኹለተኛው ጊዜ ያሸንፋል፤ ወይም ኹለት ጊዜ ይሸነፋል። ከሦስቱ በኹለቱ ያገኛልና ድርሻው ኹለት ሲሶ ነው። ይህም ሲሰላ 42 ወርቅ ከኹለት ሲሶ ይኾናል፤ ልክ እንደ ፓቾሊ! የማይተዋወቁ ኹለት ስሕተቶች በአንድ ቍጥር ላይ ተገናኙ። ተማሪ የጎረቤቱን ደብተር አይቶ «ከእኔ ጋራ አንድ ነው፤ እንግዲያስ ልክ ነው» ሲል ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ጕድለቱ ወዴት ነው? ሦስቱ መንገዶች እኩል ስላይደሉ ነው። ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ ለኹለት ቢከፈል፥ ከዚያም አንዱ ቅርንጫፍ ዳግመኛ ለኹለት ቢከፈል፥ በመጨረሻ ሦስት ማሳዎች ውሃ ይጠጣሉ። ውሃው ግን ለሦስቱ እኩል አይደርስም፤ ያልተከፈለው ቅርንጫፍ እኩሌታውን ይወስዳል፤ የቀሩት ኹለቱ ሩብ ሩብ ያገኛሉ። «ወዲያው ያሸንፋል» የተባለው መንገድ ያልተከፈለው ቅርንጫፍ ነው። ሰዎቹ ለጨዋታ ያህል ኹለተኛውን ጊዜ ቢጨምሩት የገንዘቡ ባለቤት አይለወጥም፤ ነገር ግን ያ ሰፊ መንገድ ኹለት ኾኖ ይታያል፤ አራቱም መንገዶች እኩል ይኾናሉ። ፓስካልም የመለሰው ይህንኑ የመሰለ ነበረ፤ መጨመሩ ማንንም አይጠቅም፥ ማንንም አይጐዳ፥ ቈጣሪውን ግን ይረዳዋል።

ይህ ኹሉ ከተጻፈ በኋላ ልክ መቶ ዓመት ቈይቶ፥ በ1754 ዓመት፥ ዣን ለ ሮን ደ አላምቤር የሚባል ታላቅ የፈረንሳይ ሊቅ በታላቁ የፈረንሳይ የዕውቀት መዝገብ ውስጥ ስለ ሳንቲም መወርወር ጻፈ። ሳንቲም ኹለት ጊዜ ቢወረወር፥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ኹሉም ሦስት ሩብ ሲሉ፥ እርሱ ኹለት ሲሶ ነው ብሎ ተከራከረ። በመጀመሪያው ዘውድ ከወጣ ኹለተኛ መወርወር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ነገሩ ሦስት ነው አለ። ያው የሮበርቫል ተቃውሞ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ። ዕውቀቱ ያነሰ ሰው ስለ ነበረ አይደለም፤ የዕውቀቱ ታላቅነት ከመቍጠር አላዳነውም እንጂ። የሚጠራጠር ተማሪ ሳንቲም ኹለት ኹለት ጊዜ እየወረወረ፥ ይህንንም 400 ጊዜ ደጋግሞ ይጻፈው። ቢያንስ አንድ ዘውድ የወጣበት ጊዜ በትክክል 300 ባይኾንም ወደ 300 ይጠጋል፤ ወደ 267 አይወርድም።

እንግዲህ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት፥ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሊኾን የሚችለውን ኹሉ በወረቀት ላይ መዘርዘር ነው፤ ኹለተኛም የዘረዘራቸው እኩል መኾናቸውን መመርመር ነው። ቀመርን በቃል ያጠኑ ተማሪዎች ይህን ሥራ ይንቁታል፤ የሚሳሳቱትም ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ለልምምድ የታርታሊያን ሰው ጕዳይ መውሰድ ይቻላል። 64 ወርቅ ተቀምጧል፤ ሦስት ጊዜ አስቀድሞ የረታ ይወስዳል፤ ሀ አንድ ጊዜ አሸንፏል፤ ለ ገና ምንም አላሸነፈም። ለሀ ኹለት ይቀረዋል፤ ለለ ሦስት። ከአራት ጊዜ በላይ አይጫወቱም፤ በአራት ጊዜ ውስጥ ሊኾን የሚችለው 16 ዐይነት ነው። ከሀሀሀሀ ዠምሮ እስከ ለለለለ ድረስ ኹሉ ይጻፍ። ሀ ኹለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝበት 11፥ ለ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚገኝበት 5 ይኾናል። የአንዱ መንገድ ዋጋ 4 ወርቅ ስለ ኾነ፥ ለሀ 44፥ ለለ 20 ወርቅ ይደርሳል። በፓቾሊ ፍርድ ባዶ እጁን ይሄድ የነበረው ሰው 20 ወርቅ ተገኘለት። ከተማሪው ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ቢዘለል ግን ከኹለቱ ሰዎች አንዱ ድርሻው ይጐድልበታል።

በኢትዮጵያም የዚህ ዐይነት ክርክር የሚነሣበት ቦታ አለ፤ እርሱም ዕቁብ ነው። በአንዳንድ ዕቁብ ምልክት ያለበት አንድ ወረቀት ከባዶዎቹ ጋራ ተጠቅልሎ በባርኔጣ ይጨመራል፤ ዕጣ ያልወጣላቸውም በየተራቸው ያነሣሉ። ያን ጊዜ «እኔ ልቅደም» የሚል አይጠፋም፤ ሌላው ቀድሞ ዕጣውን እንዳይወስድበት ይፈራል። ታናሹ በትሕትና «አባቴ፥ እርስዎ ይቅደሙ» ቢል እንኳ በልቡ ዕድሉን የሰጠ ይመስለዋል። እንግዲህ ሦስት ሰዎች ቀርተዋል እንበል፤ ወረቀቱም ሦስት ነው። ሦስቱ ወረቀቶች በሦስቱ ሰዎች እጅ ሊገቡ የሚችሉበት መንገድ 6 ነው፤ ምልክት ያለበት ወረቀት በ2ቱ ለመጀመሪያው፥ በ2ቱ ለኹለተኛው፥ በ2ቱ ለሦስተኛው ይደርሳል። ቀድሞ ያነሣም ኋላ ያነሣም ዕድሉ ሲሶ ነው። ታናሹ ለሽማግሌው ክብር ሰጠ እንጂ ከዕድሉ ምንም አልሰጠም።

ይህ ግን ኹሉም አንሥተው እስኪጨርሱ ወረቀቱ ሳይከፈት ሲቈይ ነው። የመጀመሪያው ሰው ቸኩሎ ከፍቶ ባዶ ኾኖ ቢያገኘው፥ ከ6ቱ መንገዶች ኹለቱ ይሰረዛሉ፤ በቀሩት በ4ቱ ዕጣው ለኹለተኛው በ2ቱ፥ ለሦስተኛው በ2ቱ ይደርሳል፤ ዕድላቸውም ከሲሶ ወደ እኩሌታ ይወጣል። ኹለተኛውም ከፍቶ ባዶ ቢያገኝ፥ ተራው መጨረሻ ኾነብኝ ብሎ አዝኖ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን ሳይከፍት ገንዘቡን መቍጠር ይችላል።