ሳልሳ፣ ሻምፖና ግመል፦ የሐርጌሳ ማስታወሻ

ሴትዮዋ ከሱቃቸው ብቅ ያሉት ሦስተኛውን ፎቶ ሳነሣ ነው። በአንድ እጃቸው ሻሻቸውን ይዘው፣ በሌላው ስልኬን እየጠቆሙ በሶማልኛ ያወርዱብኝ ጀመር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ሰዊር»። ሥዕል ማለት እንደሆነ ጠዋት ተምሬያለሁ። ባለታክሲው ሞተሩን አጥፍቶ እየሳቀ ወረደ።

«የግብር ሰው መስለሃቸው ነው» አለኝ በአማርኛ። «ታፔላ ቆጥሮ የሚያስከፍል።»

ወደ እሳቸው ዞሮ «ኤዶ» ብሎ ጀመረ። ኤዶ የአባት እኅት ናት፤ ሶማሌ በዕድሜ የምትበልጠውን ሴት በአክብሮት የሚጠራበት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። እንግዳው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው የርስዎን ግድግዳ ሊያይ ነው ቢላቸው ጭራሽ ግራ ገባቸው። ዞር ብለው ግድግዳቸውን አዩት። የሳልሳ ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የሩዝ ጆንያ፣ አረፋው የሚንጠባጠብ ሻምፖ፣ ጥንድ የባትሪ ድንጋይ፤ ሁሉም ከእውነተኛው አምስት ስድስት እጥፍ ገዝፈው በሰማያዊ መደብ ላይ ተሥለዋል። ኤዶ እኔን አዩ፣ ሳልሳውን አዩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ምን አሉ?»

«እውነተኛው ሳልሳ ውስጥ አለ፤ ይግዛ አሉ።»

ገዛሁ።

ይህ የሆነው መሐመድ ሞጌ በሚባለው የሐርጌሳ ወረዳ ነው። ወረዳው የተሰየመው በዘፋኝ ስም ነው። መሐመድ ሞጌ ሊባን ኡድ ይጫወት የነበረ፣ በሶማልኛ ዘፈን ስሙ የገነነ ድምፃዊ ነበር፤ በኋላ ኡዱን ትቶ የዚያድ ባሬን መንግሥት ይወጋ ከነበረው ከሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተሰለፈና በትግሉ ላይ ወደቀ። ወንድሙ አሕመድ ሞጌም ዘፋኝ ነበር።

ይዤ የመጣሁት ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። የናይሮቢን ማታቱዎች ያየ ሰው የጎዳና ሥዕል ሲባል የሚታየው በስፕሬይ የተነፋ የራፐር ፊትና የተጠማዘዘ ፊደል ነው። ሐርጌሳም እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ ከጅግጅጋ ተነሣሁ። ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን በእግር ተሻገርኩ፤ ገቢሌን አልፌ ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ገባሁ። ወዲያው ግራ ያጋባኝ መንዳታቸው ነው። በቀኝ በኩል ይነዳሉ፤ መሪውም በቀኝ ነው። መኪኖቹ ከጃፓን ስለሚመጡ ሾፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ከፊቱ ያለውን መንገድ የሚያይለት በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። በኔ ታክሲ ያ ሥራ የኔ ሆነ።

ባለታክሲው አማርኛ የተማረው በስደት ነው። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላይደግፍ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፍረው የነበሩት የንቅናቄው ታጋዮች መጠጊያ ሊያጡ ሲሉ ወደ አገራቸው ገቡና በግንቦት መጨረሻ ሐርጌሳን አጠቁ። መልሱ ከሰማይ መጣ። የሶማሊያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ከተማዋ ፈረሰች፤ ነዋሪዋ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ። ከጅግጅጋ ወዲያ ያለችው ሐርተሼክ በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ባለታክሲው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሐርተሼክ ደረሰ፤ አድጎም ጅግጅጋ ገበያ ላይ ሸክም እየተሸከመ አማርኛ ለመደ። «ስድቡን መጀመሪያ፣ ሰላምታውን በኋላ» ይላል።

የመጀመሪያ ቀን የወሰደኝ መሀል ከተማ፣ ሚጉ ዘንድ ነው። ከተማዋን ከደበደቡት መካከል የነበረ አንድ ሚግ 17 ተዋጊ አውሮፕላን ከፍ ባለ መደብ ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። የመደቡ ጎኖች ግን ባዶ አይደሉም፤ በደማቅ ቀለም ተሥለዋል። የቆሰለ ሰው አለ፣ ደም አለ፣ አረንጓዴ ነጭና ቀይ ባንዲራ አለ። ሥዕሉ የአካዳሚ እጅ የለበትም፤ ክንዱ ከቁመቱ ይረዝማል፣ ደሙም እንደ ቀለም ቀይ ነው። ሶማሌላንድ ነጻነቷን ያወጀችው ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ አሥር ቀን በፊት ማለት ነው። እኛ ያን ወር በሬዲዮ ስናሳልፍ እነዚህ ሰዎች ከሐርተሼክ ወደ ፍርስራሽ ይመለሱ ነበር። ዓለም እንደ አገር ሳይቆጥራት ዓመታት ነጎዱ፤ የፈረሰው ግን በነዋሪዋና በዘመድ ገንዘብ ተሠራ።

የመሐመድ ሞጌን ግድግዳዎች ያየሁት በማግስቱ ነው። ስፕሬይ ፈልጌ አጣሁ። በምትኩ በየደጃፉ ሥዕል አለ። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ አምፖል የምታክል መንጋጋ። ጸጉር ቤቱ ላይ መቀስ፣ መላጫና የጸጉር ማድረቂያ። የግመል ወተት በሚሸጥበት ደጃፍ ላይ የተቆጣች ግመል። የጫት ዳሱ አረንጓዴ ተቀብቶ «571» የሚል ቁጥር አለበት፤ ቁጥሩ ከኛ አገር ጫት የሚልክ ድርጅት መለያ ነው፤ ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል።

አንድ ሴቶች ጸጉር ቤት ደጃፍ ላይ ሠዓሊውን ከነብሩሹ አገኘነው። በላሜራው በር ፊት በርጩማ ላይ ቆሞ ሂና የተቀባ እጅ እየሣለ ነበር። ሥራውን ሳያቋርጥ አናገረን። መጀመሪያ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ ከዚያ ነጭ መደብ ይቀባል፤ ሲደርቅ በጠመኔ ይነድፋል። የዘይት ቀለሙን በቲነር እያቀጠነ ከጀርባው ወደ ፊት ይመጣል። ጥቁሩ መስመር በስተመጨረሻ ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የመጨረሻው ነጩ ነው።

«የሳልሳ ጣሳ ጣሳ የሚመስለው ቀይ ስለሆነ አይደለም» አለ በባለታክሲው አፍ። «በጎኑ በምትወርደው ነጭ ጭረት ነው። እሷ ከሌለች ቲማቲም ነው።»

የኤዶን ሱቅ የሣለውም እሱ መሆኑን ያወቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሻምፖው ላይ ያለችውን ጭረት አስታወስኩ።

ሠዓሊ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ባለታክሲው ሲተረጉም ሰውየው ብሩሹን አቆመ። ሠራተኛ ነኝ አለ። ታዲያ ከላይ የጻፍከው ጽሑፍስ ብለው፣ ያልረሳሁትን መልስ ሰጠኝ፦ «ጽሑፉ ለመንግሥት ነው። ሥዕሉ ለደንበኛው።»

ሶማልኛ በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአገሩ ቤተ መጻሕፍት የሰው ጭንቅላት ነበር፤ ግጥሙ፣ ዳኝነቱ፣ የዘር ሐረጉ በቃል ይያዛል። ፊደሉ ገና ሥር ሳይሰድ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን አፈረሰው። በሐርተሼክ ያደገ ልጅ፣ ከገጠር ግመል ሽጦ የመጣ ሽማግሌ ሱቁን የሚለየው በምን ይሁን? ጨውና ሳሙና እንዳይምታታበት ሳሙናው መሣል አለበት። እኛስ? ጠላ ቤትን በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ አይደል የምንለየው? ሥጋ ቤት ስንገባ ከጽሑፉ በፊት የምናየው መስቀሉን ወይም ጨረቃውን ነው።

በጸጉር ቤቱ በር ላይ የተሣለችው ሴት ሻሿ በእያንዳንዱ እጥፋት ተለቅሟል፤ ፊቷ ግን ባዶ ነው፤ ዓይንም አፍም የላትም። ረሳሃት ወይ ብለው ሳቀ። «ዓይን ካልሣልኩላት ማንም አያኮርፈኝም» አለ። የሰው መልክ መሣልን ሃይማኖታቸው የማይወድላቸው ደንበኞች አሉት፤ ባለጸጉር ቤቷ ደግሞ ሴት እንዲሣልላት ትፈልጋለች። ሁለቱንም ያስታረቀው በዚህ ነው። በከተማዋ ከዚህ ርቀው የሄዱም አሉ፤ ኑጁም ሐሺን የመሰሉ ሴት ሠዓሊዎች የሴቶችን በደል ከነፊቱ በሸራ ያወጣሉ። የሱ ሥራ ግን መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ሁሉም ያያል።

በበሩ ታችኛ ጥግ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ፊርማውም ማስታወቂያውም እሱ ነው። ባለቤቷ ሒሳቡን በስልኳ ላከችለት፤ እዚህ አገር ሻይ እንኳ የሚከፈለው በ«ዛድ» ነው፤ የኛን ቴሌብር ብዙ ዓመት ይቀድመዋል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ያሣለው ባላባት ስሙ ተጽፎ፣ አንዳንዴም ከሥር ተንበርክኮ ተሥሎ እናገኘዋለን፤ የሣለው ግን ብዙ ጊዜ ስም የለውም። የመሐመድ ሞጌው ሠራተኛ በዚህ ከአለቃ ሠዓሊዎቻችን ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ሄድኩ። ማዕከሉ በእኛ 2000 ዓ.ም. ከተጀመረው ዓመታዊ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከሁለቱም ጀርባ ያለው የሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ ነው። እዚያ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ ዘፈን፣ ቴአትር፣ ግጥም፣ ስደተኛ ለቤተሰቡ የላከው የድምፅ ደብዳቤ ሳይቀር። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎችም በጦርነቱ ዋዜማ ቅጂዎቻቸውን ከድብደባው ለማዳን ደብቀዋል፤ መሬት ቆፍረው ቀብረዋል። የዚያ ዘመን ድምፅ ዛሬም የሚሰማው በዚህ ነው።

ካሴቶቹ መሀል ቆሜ ያሰብኩት የኤዶን ግድግዳ ነው። ድምፅ ይቀበራል፤ ግድግዳ አይቀበርም። ከ1980 በፊት ሐርጌሳ ውስጥ የነበሩት የሱቅ ሥዕሎች ከነግድግዳቸው ወደቁ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ ዋሂን የተባለው የከተማዋ ትልቁ ገበያ ተቃጠለ። የጠፋውን ሸቀጥ ነጋዴው ቆጥሮታል፤ ላሜራው ላይ የነበረውን ሥዕል የቆጠረ አልሰማሁም።

ቀለም ዕድሜ የለውም እንዳንል ደግሞ ላስ ጌል አለች። በመጨረሻው ቀን በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን፣ ከፈቃድ ወረቀትና ከአንድ ፖሊስ ጋር ቋጥኞቹን ወጣን። በ1995 ዓ.ም. በዣቪዬ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን ለዓለም እስኪያስተዋውቃቸው ድረስ የሚያውቋቸው የአካባቢው እረኞች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ5,000 ዓመት አያንስም ይባላል። ላስ ጌል የግመል ውኃ ማለት ቢሆንም ድንጋዩ ላይ የበዙት ላሞች ናቸው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፤ አንገታቸው በሽልማት ያጌጠ፣ ጡታቸው የሞላ። ከሥራቸው እጁን የዘረጋ ትንሽ ሰው ይቆማል። የቋጥኙ ጥላ ከዝናብና ከፀሐይ ጠብቋቸው ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ባለታክሲው አንገቱን ቀልሶ ብዙ ቆየ።

«ይኼም የወተት ሱቅ ነበረ ማለት ነው» አለ።

ፖሊሱ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም። ልዩነቱ የላስ ጌሉ ሰው ስልክ ቁጥሩን አለመተዉ ነው።

በመመለሻዬ ዋዜማ በሠዓሊው በኩል አለፍኩ። ሥራ እየቀነሰበት ነው። አዳዲሶቹ ሱቆች ባነር ያሳትማሉ፤ ከኢንተርኔት የወረደ በርገር፣ ከኢንተርኔት የወረደች ሙሽራ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። በሁለት ክረምት ይነጣል ይላል እሱ፤ ሲነጣ ግን ሌላ ባነር ይሰቀላል እንጂ እሱ አይጠራም። ልጅህን ሙያውን አስተምረኸዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው ያልገባው መሰለ። ልጁ ባነር የሚያትመው ቤት ተቀጥሯል።

አዲስ አበባ ስገባ ሰፈሬ ያለውን የልብስ ሰፊ ታፔላ ፈለግሁ። ልጅ ሆኜ የማውቀው፣ ኮት የለበሰ አንገት የሌለው ሰው የተሣለበት ነበር፤ ጽሑፉም ቀይ ሆኖ ቢጫ ጥላ ነበረው። ቦታው ላይ ባነር ተሰቅሏል። ታፔላውን የጻፈው ማን እንደሆነ ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁት። አላስታወሰም። እኔም ሠላሳ ዓመት በሥሩ ሳልፍ ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከሰፈርህ በእጅ የተጻፈ ታፔላ ቀርቶ እንደሆነ ነገ ሳትል ፎቶ አንሣው፤ ጥጉ ላይ ስም ካለ ስሙን ጻፍ፤ ከሌለ ባለሱቁን ጠይቅ። የግብር ሰው ብትመስለው ደግሞ አንድ ሳልሳ ግዛ።