ሁለት ስም ያለው ዘንግ

በካርቲየ 6፣ ከጠባቦቹ መንገዶች በአንዱ ዳር በሚገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የደማቸውን ስኳር እየለኩ ውጤቱን በደብተር ያሰፍራሉ። መለኪያው ከአዲስ አበባ የመጣላቸው ነው። ቀኑንም ሰዓቱንም የሚጽፉት በአገራቸው አቆጣጠር ነው። የሚከታተላቸው ክሊኒክ ደግሞ የራሱ ወረቀት አለው፤ በፈረንሳይኛ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ልጃቸው ሁለቱን መዝገቦች በአንድ ግራፍ ላይ ሊያስተያይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የተጠቀመው በፓይተን ቋንቋ የሚሠራውን ማትፕሎትሊብ ነው። ይህን መሣሪያ የጀመረው ጆን ሃንተር የተባለ አሜሪካዊ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ለማየት ብሎ ነበርና፣ ለሕመምተኛ ደብተር ባዕድ አይደለም።

የመጀመሪያው ግራፍ ጉድ ነበር። የክሊኒኩ መስመር ከወለሉ ላይ ተጋድሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክሊኒኩ የሚጽፈው በግራም በሊትር፣ መለኪያው የሚያሳየው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የአንዱ 1.8 የሌላው 180 መሆኑን ፕሮግራሙ ከየት ይወቅ? ቀኑም እንዲሁ ተሳክሯል። እናትየው «5/3» ብለው የጻፉት ኅዳር 5 ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ፈረንጆቹ ማርስ በሚሉት ወር ውስጥ አኖረው። ከረፋዱ 5 ሰዓት የተለካውንም ከንጋት በፊት አደረገው።

ልጁ በመጀመሪያ የዘንጉን ስያሜዎች ብቻ ለወጠ። ስሙ አማረ፤ ነጥቦቹ ግን ከነስሕተታቸው እዚያው ቀሩ። ቃል ለውጦ ሐሳቡን በስፍራው ያላኖረ ተርጓሚ የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ቁጥሮቹን አስተካከለ፦ መለኪያውን ወደ አንድ አሃድ መለሰ፣ ቀኑን ቀየረ፣ ሰዓቱ ላይ 6 ጨመረ። ከዚያ በኋላ ከታች የፈረንሳይኛ፣ ከላይ የአማርኛ ወራት ያሉት ዘንግ ሠራ፤ ለእያንዳንዱ ስያሜም የሚያርፍበትን ቦታ ለይቶ ነገረው። አማርኛው ግን ባዶ ሣጥን ሆኖ ወጣ። መሣሪያው ይዞት የሚመጣው ፊደል ግዕዝን አያውቅምና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ማስገባት ግድ ሆነ።

እናትየው ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ። ከ70 በታች የወረዱት ነጥቦች የሚጀምሩበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ኅዳር 15 አይደል? የነቢያት ጾም የገባ ለት ነው እኮ።»

«ኪኒኑንስ ትውጪው ነበር፣ እማዬ?»

«ኪኒን ምግብ ነው እንዴ? በጠዋት እውጣለሁ፤ እህል የምቀምሰው ግን 9 ሰዓት ላይ ነው።»

በታችኛው ዘንግ ላይ ያ ቀን ኖቨምበር 24 ነው፤ ለሐኪሙ ከሌላው ቀን የሚለይበት ነገር አልነበረውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱም ስያሜ ያለበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ልጁ በፈረንሳይኛ አስረዳ፤ ሐኪሙም ስለ ጾሙ ብዙ ጠይቀው የመድኃኒቱን ሰዓት ከምግቡ ጋር አዛወሩት። እናትየው ወረቀቱን አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት፤ ዐቢይ ጾም እየቀረበ ነበር።