በግድግዳ ላይ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ

ለሥራ፣ ለሥልጠና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከትዳር ጓደኛዎ ተለይተው ብቻዎን ሩቅ አገር ሄደው ያውቃሉ? ቀኑ በሥራ ያልፋል። የሚያስቸግረው ትርፍ ሰዓቱ ነው። አንዳንዱ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ወደማይሄድበት ቦታ እግሩ ይመራዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ጓደኞቹን ብቻውን ሲጠብቅ ከተማይቱን ተዘዋውሮ ተመለከተ፤ በመሠዊያ ላይ የተጻፈውንም አንብቦ ሕዝቡን ከዚያ ተነሥቶ አነጋገረ (የሐዋ. 17)። እርስዎም ብቻዎን የደረሱባትን ከተማ ማንበብ ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ በአሜሪካ እንደ ፊላደልፊያ የሚመች ከተማ ብዙ አይገኝም።

የከተማዋ ስም በግሪክ ቋንቋ “የወንድማማች ፍቅር” ማለት ነው። ዛሬ ግን በሌላ ነገርም ትታወቃለች፤ ይኸውም በግድግዳ ሥዕሎቿ ነው። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በወቅቱ ወጣቶች በየግድግዳው ላይ በሚረጭ ቀለም ስማቸውን እየጻፉ ከተማዋን አስቸግረው ነበር። ከንቲባው ዊልሰን ጉድ ይህን የሚከላከል ፕሮግራም አቋቋሙ። ሠዓሊዋ ጄን ጎልደን ለዚህ ሥራ ተቀጥራ ወጣቶቹን ስትቀርባቸው ተሰጥኦ እንዳላቸው አየች። ስለዚህ ብሩሽ ሰጥታ፣ ግድግዳ አስፈቅዳ፣ አብራቸው መሳል ጀመረች። ያ ጅምር አድጎ “ሚውራል አርትስ” የተባለ ተቋም ሆነ፤ እስከ ዛሬም ከ4,000 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ተሠርተዋል። ወላጅ የሆኑ አንባቢ ይህን ልብ ይበሉ። ልጅ ያጠፋበት እጅ ሊሠራበትም የሚችል እጅ ነው።

በባቡር መስኮት የሚነበብ ደብዳቤ

አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት ወደ ዌስት ፊላደልፊያ ይሂዱ። የከተማው ሰው “ኤል” በሚለው ባቡር ከመሐል ከተማ ወደ ምዕራብ ይሳፈሩና መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። ባቡሩ 40ኛውን መንገድ እስኪያልፍ ድረስ በምድር ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ብርሃን ወጥቶ ከቤቶቹ ጣሪያ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ እስከ 63ኛው መንገድ አካባቢ ድረስ በግራና በቀኝ ትላልቅ ፊደላት ብቅ ይላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው፣ 50 ግድግዳዎችን የያዘው “የፍቅር ደብዳቤ” ነው።

የሠራው ስቲቭ ፓወርስ የተባለ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በእነዚሁ ጣሪያዎች ላይ ያለ ፈቃድ ይጽፍ ነበር። ጎልምሶ ሲመለስ ግን በፈቃድ ጻፈ። ደብዳቤው የሚነበበው በሦስት መንገድ ነው፦ ወንድ ለሚወዳት ሴት፣ ሠዓሊው ላደገባት ከተማ፣ ነዋሪዎቹም ለሰፈራቸው የጻፉት ሆኖ። ቃላቱ የተራቀቁ አይደሉም። አንዱ ግድግዳ የሚወዳትን በ52ኛው መንገድ ላይ ለአፍታም ቢሆን እንድትገናኘው ይለምናል። ሌላው ያለ እርሷ ቤቱ ቤት እንደማይሆንለት ይናገራል። ከሥራ ደክሞት የሚመለስ ሰው በየቀኑ በባቡር ሆኖ እነዚህን እያነበበ ቤቱ ይገባል።

እዚህ ላይ ራስዎን ይጠይቁ። እርስዎ ለትዳር ጓደኛዎ እንዲህ ያለ ቃል ከተናገሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት? ብዙዎቻችን ከሩቅ አገር ስንደውል የምንጠይቀው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ውኃና መብራት፣ ስለ ተላከው ገንዘብ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን በእነዚህ ብቻ የተሞላ ስልክ ሁለት ባልደረቦች የሚያወሩት እንጂ ባልና ሚስት የሚያወሩት አይመስልም። “እንደምወዳት ታውቃለች” ማለት አይበቃም። በጥሩ ቀለም የተሳለ ግድግዳም ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይደበዝዛል፤ በየጊዜው እጅ ይፈልጋል።

ሁለት ግድግዳዎች ጎን ለጎን

ሁለተኛ ቀን ካለዎት በሰሜን ፊላደልፊያ በጀርመንታውን አቬኑ የሚገኙትን “የፈውስ ግድግዳዎች” ይመልከቱ። የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያን ጊዜ በግሬተርፎርድ ወህኒ ቤት የነበሩ እስረኞችና ወንጀል የተፈጸመባቸው ሰዎች በአንድ ላይ ሠርተዋቸዋል። እስረኛ ወጥቶ ግድግዳ ላይ መሳል ስለማይችል ሥዕሉ በስስ ጨርቅ ላይ ተከፋፍሎ ይሳልና በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በዳዮቹና ተበዳዮቹ በአንድ ሥዕል ላይ መስማማት አቃታቸው። በመጨረሻ ሁለት ግድግዳ ተሠራ፤ አንዱ የእስረኞቹን ጉዞ፣ ሌላው የተጎጂዎቹን ጉዞ ያሳያል። ለባለትዳሮች ትልቅ ትምህርት እዚህ ላይ አለ። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ አንዱ የሌላውን ሥዕል ደምስሶ የራሱን ቢስል እርቅ አይሆንም። በቅድሚያ የእርሷ ሕመም በእርሷ ቃል፣ የእርሱም በእርሱ ቃል ይነገር። ሁለቱም ቆመው ይመልከቱት። ይቅርታ የሚጀምረው የተጎዳው ሰው መደመጡን ሲያውቅ ነው።

ለብቸኛ ተጓዥ ጥቂት ምክር

• በቀን ብርሃን ይውጡ፤ የሚሄዱበትን አቅጣጫና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብዎ ይንገሩ።
• አካባቢውን ካላወቁት አስጎብኚ ካለው ቡድን ጋር መሄድ ይሻላል።
• ሥዕሉን ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ሰው ለማንሣት ግን ያስፈቅዱ። ለእርስዎ መጎብኛ የሆነው ሰፈር ለሌላው ቤቱ ነው።
• ሲርብዎት በዌስት ፊላደልፊያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራ አያጡም። ስለ ሰፈሩ ከአገር ልጅ የሚሰሙትም ብዙ ነው።

ካዩት ሁሉ አንዱን ሥዕል መርጠው ለትዳር ጓደኛዎ ይላኩ። ከሥሩም ለምን እንደመረጡት በራስዎ ቃል ሁለት መስመር ይጻፉ። ሰዓሊ መሆን አያስፈልግዎትም፤ አንባቢዋ ወይም አንባቢው የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ያውቃሉና። ስለ ውኃው ቢል ነገ ይጠይቃሉ።