ምርመራው የሚበቃው መቼ ነው?

መጽሐፍ ለሚያርም ሰው ከሁሉ የሚከብደው ስሕተቱን ማግኘት ሳይሆን ፍለጋውን የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚመረምሩ ሰዎችም በዚሁ ጭንቀት ተይዘዋል። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ መኖሩ ታወቀ፤ ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ግን አለመኖሩ አልታወቀም። የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ይህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. አስገንዝቦ ነበር።

ስለዚህ የተገኘውን መቍጠር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የሒሳብ ሊቅ የሆነው ጆርጅ ፖሊያ በ1976 ስለ መጽሐፍ እርማት በጻፈው አንድ መንገድ አሳየ። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱን ሥራ ይመርምሩ። አንደኛው 24፥ ሁለተኛው 20 ስሕተት ቢያገኙ፥ ከዚህም 16ቱ ሁለቱም ያገኙት ቢሆን፥ 24ን በ20 አባዝቶ ለ16 ማካፈል ነው፤ ጠቅላላው ወደ 30 ይገመታል። በሁለቱ የተገኘው 28 ነውና የቀረው 2 ያህል ነው። ሁለቱም ያገኙት 4 ብቻ ቢሆን ግን ጠቅላላው 120 ይደርሳል፤ የተገኘው 40 ነውና 80 ያህሉ ገና ተሰውሯል። በኋለኛው የተገኘው ይበዛል፤ የሚያስፈራውም ይበዛል።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚጸናው መርማሪዎቹ በአስተያየት የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ከአንድ መምህር የተማሩ ሁለት አራሚዎች መምህራቸው ያለፈውን ስሕተት አብረው ያልፉታል፤ መስማማታቸውም የጥራት ምስክር መስሎ ያታልላል።

በ1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሣ 40 ሰከንድ ያህል ቈይቶ በአየር ላይ ፈነዳ። አቅጣጫውን የሚያስታውቀው ፕሮግራም በቀድሞው በአሪያን 4 ደኅና ሠርቶ ስለ ነበረ ታምኖ ነበር። የአዲሱ ሮኬት ፍጥነት የወለደው ቍጥር ግን ከተመደበለት ስፍራ በለጠ። በአዲሱ አካሄድ ልክ ፕሮግራሙን አስቀድሞ የፈተነው አልነበረም።

እንግዲህ በቃ የሚል ሰው ሦስት ነገር ይመልስ፤ ምን ያህል ቀረ ብሎ ይገምታል? ያልተፈተነውስ የትኛው ነው? የቀረው ስሕተት ቢገለጥ የሚጐዳው ማን ነው? ለጨዋታ በተሠራ ፕሮግራም ሁለት ስሕተት ቢቀር ይታለፋል፤ ለሕመምተኛ መድኃኒት በሚመጥን መሣሪያ ግን አንዱም ይገድላል። መርማሪው ስለ ደከመው ብቻ በቃ ቢል ፍለጋውን አቆመ እንጂ ሥራውን አልፈጸመም።