በሐዘን መካከል የሚሰማ ሳቅ

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል። ከቀብር መልስ፣ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ሲዞር፣ አንዱ ጎረቤት የሟችን አመል ያነሣል። «እሱ እኮ የሃምሳ ሳንቲም መልስ ሳይቀበል ከታክሲ አይወርድም ነበር!» ድንኳኑ ይስቃል። ሚስቱም እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ትስቃለች። ሟችን የናቀ የለም፤ ለአፍታ ተመልሶ የመጣ ያህል ነው።

በቅርቡ በቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግል ወጣት የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ አሳየኝ። እናቱን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም። በታሪኩ ውስጥ እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ ለቅሶ ደራሹ ስንት ጊዜ «አይዞህ» እንዳለው በደብተር ይመዘግባል። ሳቅኩ። እሱ ግን፣ «ፓስተር፣ በሐዘን መቀለድ ኃጢአት ይሆን?» አለኝ።

ወገኖች፣ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡ። መጨረሻው ከርዕሱ ይታወቃል፤ መጽሐፉ ግን ያስቃል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ትምክህት ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ ሲመልሱ፣ ጉዱ ካሳም ያንን ትምክህት ሲሸረድደው እንስቃለን። ኋላ ያው የሳቅንበት ትምክህት በዛብህንና ሰብለን ሲለያይ ግን ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ቀልዱ ሐዘኑን አልሸፈነም፤ ከየት እንደመጣ አሳየን እንጂ።

ትንቢተ ዮናስ ልብ ወለድ ነው አልልም፤ አተራረኩን ግን ልብ በሉ። ከተማ ሙሉ ሕዝብ ከጥፋት ሲድን ነቢዩ ይቆጣል፤ አንዲት ቅል ስትደርቅበት ደግሞ ሞትን ይለምናል። ፈገግ እንላለን፤ ወዲያው ራሳችንን እናያለን። እግዚአብሔር ግን በተስፋ መቁረጡ አልተሳለቀበትም። እየጠየቀ አነጋገረው።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ያዘነውን የሚያሳንስ ሳቅ ፌዝ ነው። እንባን ለማስቸኮል የመጣ ሳቅም ሽሽት ነው። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ፣ በመጀመሪያ አልቅሷል።

ስለዚህ ለወጣቱ፣ «ደብተሩን አትሰርዝ» አልኩት። «ነገር ግን የመጨረሻውን ገጽ በቀልድ ዘግተኸዋል። እዚያ ቀልዱን ተወውና ልጁ እናቱን ይጥራት።» ዝም አለ፤ ከዚያም አለቀሰ። አብሬው ተቀመጥኩ።

ሰሎሞን የሚስቅ ሰው ልቡ ሊያዝን እንደሚችል ያውቅ ነበር። በመካከላችሁ ሁሉን የሚያስቅ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ዛሬ «አንተስ እንዴት ነህ? አንቺስ?» በሉ፤ መልሱንም ሳትቸኩሉ ስሙ። የምታስቁት እናንተ ከሆናችሁም ሸክሙን ብቻችሁን አትያዙት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እንባችንን የሚያውቅ ጌታ ሳቃችንንም ያውቃል። ጸጋው ይብዛላችሁ።