ከማድቤቱ የተጀመረ ትውውቅ

ፈረንሳይ ውስጥ ቱር ከተማ ተማሪ ሳለሁ ያከራዩኝ ጡረተኛ መምህርት አምቧዝ ልሄድ መሆኔን ሲሰሙ፣ «ቤተ መንግሥቱ አያመልጥህም፤ መጀመሪያ ክሎ ሉሴ ግባ። ስትገባም ከማድቤቱ ጀምር» አሉኝ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ያረፈበትን ቤት ከማድቤት ጀምሮ ማየት ምን የሚሉት ጉብኝት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

አምቧዝ ከቱር በባቡር ሩቅ አይደለም። የሎዋርን ድልድይ ተሻግሮ፣ በቤተ መንግሥቱ ግርጌ አልፎ ትንሽ ሽቅብ መውጣት ነው። መንገዱ ዳር ገደሉን ፈልፍለው የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ በርና መስኮት አላቸው፣ ጭስ ማውጫ ሳይቀር። ድንጋዩ ቱፎ የሚባል ነጭና ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። የላሊበላ አገር ሰው በዚህ መደነቅ ባይገባውም ቆሜ ማየቴ አልቀረም።

ክሎ ሉሴ ስደርስ ግን ዓይኔ ግራ ተጋባ። ያደግሁት ጎንደር ነው፤ ለእኔ የንጉሥ ቤት ማለት በኖራ የተገነባ ጥቁር ድንጋይ፣ በሩና መስኮቱ ዙሪያ ብቻ ቀላ ባለ ድንጋይ የተከፈፈ ነው። እዚህ ግድግዳው ሮዝ የሚመስል ሸክላ፣ ማዕዘኑና የመስኮቱ ጠርዝ ያው ነጭ ቱፎ ነው። ሁለቱ ክንፎች በሚጋጠሙበት ቦታ ስምንት ማዕዘን ግንብ ቆሟል፤ ጠመዝማዛው ደረጃ በውስጡ ይወጣል። እንደ ምሽግ አያስፈራም፣ እንደ ቤተ መንግሥትም አይንጠራራም። ሰው ሊኖርበት የሠራው ቤት ነው።

እንደተመከርኩት ማድቤቱን አስቀደምኩ። ወለሉ የሸክላ ንጣፍ፣ ምድጃው ግዙፍ ድንጋይ። የሴትዮዋ ነገር የገባኝ ስለ ቤቱ አሠሪ ስሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1471 ያሠራው ኤቲየን ለ ሉ፣ ከወጥ ቤት አሽከርነት ተነሥቶ በንጉሥ ሉዊ 11ኛ ዘመን ለማዕረግ የበቃ ሰው ነው ይላሉ። በ1490 ሻርል 8ኛ ገዛው፤ ለሚስቱ ለአንም ትንሽ ጸሎት ቤት አሠራላት።

ሊዮናርዶ የመጣው በ1516 ነው፤ እኛ ዘንድ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ወጣቱ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ቤቱን ከነደመወዙ ሰጠው። ሞና ሊዛንም ይዞ ነው የመጣው። ብዙ ጎብኚ ምድር ቤት ወዳሉት የማሽን ሞዴሎች ይሮጣል፤ እኔ ግን ሞዴል የትም ይሠራል ባይ ነኝ። ሊዮናርዶ በመጨረሻ ዓመታቱ ከጻፋቸው ወረቀቶች በአንዱ ላይ የጂኦሜትሪ ሐሳቡን መሐል ላይ አቋርጦ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነውና ብሎ ተወው። ለእኔ ከሞዴሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህች ሾርባ ትበልጥብኛለች።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ባገኘሁ ቁጥር እመላለስ ጀመር። ማታ ከአከራዬ ጋር የምንከራከርበት ነገር አናጣም፤ ዋናው የአሟሟቱ ነገር ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቫዛሪ ሊዮናርዶ በንጉሡ እቅፍ ውስጥ ሞተ ብሎ ጽፏል፤ ሠዓሊው አንግርም በ1818 ይህንኑ ሣለው። ብዙ የታሪክ ሰዎች ግን አይቀበሉትም። እኔ ሥዕሉን ስለምወደው፣ «እውነት ቢሆን ምን አለበት?» እላለሁ።

«ንጉሡን ተወው» ይሉኛል፤ «ኑዛዜውን አንብብ።» ኑዛዜው ሚያዝያ 23 ቀን 1519 የተጻፈ ነው፤ እሱ ግንቦት 2 ቀን አረፈ። ወረቀቶቹንና መጻሕፍቱን ለደቀ መዝሙሩ ለሜልዚ ሲያወርስ፣ ቤት ታገለግለው የነበረችውን ማቱሪንንም አልዘነጋትም። በፀጉር የተገበረ ጥሩ ጥቁር ካባ፣ ጨርቅና ሁለት ዱካት ተናዘዘላት። አከራዬ ዱካቱ አንሷል ብለው እስከ መጨረሻው ሊዮናርዶን እንደወቀሱት ነው።