በጾም ያሳበብኩት ጥፋት

የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ራቤል ላይ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለኝ። ለአንዲት እናት የማይገባቸውን መድኃኒት ሰጥቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ልጃቸው ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ግን ከስሕተቱ ይከፋል፤ ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ጊዜው የ2015 ዐቢይ ጾም ነበር። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው የማዘዣቸውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ እቴቴ ነገ ገበያ ስትወጣ ይስጡልኝ፤ ሒሳቡን በቴሌብር አስገባለሁ» አለኝ። ወረቀቱ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ይላል፤ የስኳር መድኃኒት ነው። ፎቶው የወረቀቱን አናት ስለቆረጠው ቀኑና የካርድ ቁጥሩ አይታይም። እንደማይታይ አይቻለሁ። «ቀኑን አንሳና ላክልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ልጁን አውቀዋለሁ፣ እናቱን አውቃቸዋለሁ፣ በበነጋውም የገበያ ቀን ስለነበር ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሲመጡ የሁለት ወሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ቤት ውስጥ ሌላ ምን እንደሚወስዱ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ያ ማዘዣ አሮጌ ነበር። ሐኪማቸው ስኳራቸው አልፎ አልፎ እየወረደ መሆኑን አይቶ ግሊቤንክላማይዱን አቁሞ፣ በሜትፎርሚን ብቻ እንዲቀጥሉ ካዘዛቸው ሰንብቷል። ልጁ ስልኩ ውስጥ ያገኘውን ፎቶ በቅን ልብ ላከ። ማጣራት የእኔ ሥራ ነበር።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠይቅም። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይመች ያስታውቃል። እኚህ እናት 60ን ካለፉ ቆይተዋል። ጠዋት ክኒኑን በጉንጭ ውኃ ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንድ ቀን ቅዳሴ ቆመው ሳሉ አላባቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተምታታ፣ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ተወስደው ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው ነቁ።

በማግስቱ ሴት ልጃቸው የክኒኑን ፓኬት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ምን ሆና ነው የወደቀችው?» አለችኝ። ከመምጣቷ በፊት ወንድሟ ጋ ደውዬ ሁለተኛውን፣ አዲሱን ማዘዣ አስልኬ አይቻለሁ። ስለዚህ እያወቅሁ ነው የመለስኩት፤ «ጾሙ ነው። ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ አይጾምም» አልኳት። ውሸቱን የባሰ ያደረገው ትንሽ እውነት መያዙ ነበር፤ ባዶ ሆድ በእርግጥ ድርሻ ነበረው። «ይኼኛውን ለጊዜው ታቁም» ብዬም ፓኬቱን ከእጇ ተቀበልኳትና ከመደርደሪያው ሥር ከተትኩት።

ቃሌ ከልጅቱ ወደ እናቲቱ፣ ከእናቲቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደ። ንስሐ አባታቸውም ከጾሙ አሳረፏቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ያላጎደሉ ሴት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሳይቀምስ ብቻቸውን ቁርስ የሚቀርብላቸው ሆኑ። በእኔ ቃል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። የማዘዣ ፎቶ መምጣቱ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ሲማረር እኔ በልቤ ቅልል አለኝ። ግን አላረፍኩም፤ አሁን ደግሞ ማዘዣ በስልክ በቃል ይነበብልኝ ጀመር፤ ይህም ከፎቶው የባሰ ነው። ያን ጊዜ ነው የጥፋቴን ሥር ያሰብኩት። ወረቀት ማዘዣ መድኃኒቱ ሲታደል ተፈርሞበት እኛ ዘንድ ይቀራል፤ ሥራው እዚያ ያልቃል። ፎቶ ግን አያልቅም። ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም፣ ለአሥር መድኃኒት ቤትም ያው ፎቶ ይላካል።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንደማያጣ ይናገራል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ይጽናናሉ። ነገር ግን ልጅ ለእናቱ የሚያስተላልፈው ፎቶ የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ አይደለም። እውነተኛው የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ከሐኪሙ ተነሥቶ በመዝገብ በኩል ፋርማሲው ዘንድ ይደርሳል። ኢስቶኒያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታማሚው መታወቂያውን ይዞ የትኛውም ፋርማሲ ሲሄድ፣ ባለሙያው ማዘዣውን ከማእከላዊው ቋት ያወጣዋል፤ ሲያድለው ደግሞ መታደሉ እዚያው ይመዘገባል። ማን እንዳዘዘ፣ ለማን፣ መቼ፣ ታድሏል ወይስ አልታደለም፦ እኔ ያጣሁት እነዚህን አራት መልሶች ነው። መልሶቹን ለማግኘት ግን የኢስቶኒያ ኮምፒውተር አላስፈለገኝም፤ ሐኪሙ ጋ መደወልና እናቲቱን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

የ2016 ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤታቸው ሄድኩ። ሴት ልጃቸው ባለችበት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶውን፣ የተቆረጠውን ቀን፣ የደበቅሁትን ፓኬት። ልጅቱ ተቆጣች፤ መብቷ ነው። እናቲቱ ዝም ብለው ሰምተው፣ «እንግዲያው መጾም እችል ነበር?» አሉኝ። «እችላለሁ ወይ የሚለውን አሁንም ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እኔ ግን ያለ ሐኪም ቃል ፈርጄብዎታለሁ» አልኳቸው። «እኔን ስላሳመምከኝ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «የጾሜን ነገር ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም። ለንስሐ አባቴ ራስህ ሄደህ ንገር።» ሄጄ ነገርኩ።

ዛሬ ፎቶ ቢመጣልኝ መድኃኒቱ መኖሩንና ዋጋውን ለመንገር እጠቀምበታለሁ። ወረቀቱ በእጄ ሳይገባ፣ ወይም ሐኪሙን በድምፁ ሳላገኝና ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በመዝገቤ ሳልጽፍ ግን አላድልም። ጥፋት ሳገኝም በዚያው መዝገብ አሰፍረዋለሁ፤ ለታማሚው የምነግረውም የጻፍኩትን ነው። በዚህ የተነሣ ደንበኞች ሸሽተውኛል፤ የእናቲቱ ልጅ ራሱ አንድ ቀን «ጋሼ፣ አበዙት» ብሎኛል። አልተቀየምኩትም፤ እናቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ግን አስነግሬው ነው የሰጠሁት።